ሰውን በአራት ጠርሙስ ያሳዩን ጋሽ ደምሴ

መምህር ደምሴ አርፈዋል። አንኮበር ውስጥ ጎረቤላ በሚገኘው ቤታቸው፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ አርፈዋል። ወሬውን በስልክ ለአሥራ አንድ ሰው ያደረስኩት እኔ ሺበሺ ነኝ። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ስልኩን እንደ ዘጉ ሌላ ሰው ጋ ደውለው «እውነት ነው እንዴ?» ብለው መጠየቃቸውን በኋላ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ብሆን ከእኔ አፍ የወጣ ወሬ ሳላጣራ አላምንም።

ይህን የምጽፈው በአርባቸው ዕለት እንዲነበብ፣ ለመምጣት ላልቻላችሁም፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በለሚ፣ እንዲሁም እግር በጣላችሁ ሁሉ ለምትገኙ ተማሪዎቻቸው እንዲደርስ ነው። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢጽፍላቸው ደስ ባለኝ። ነገር ግን በመጨረሻው ቀን አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ የሆነውን ሳላጋንን መናገር ያለብኝም እኔ ነኝ። ሳላጋንን ስል፣ አቅሜ በፈቀደ መጠን ማለቴ ነው።

ጋሽ ደምሴ ሠላሳ ዓመት ያህል ኬሚስትሪ አስተምረዋል። ቁመታቸው አጭር፣ ካፖርታቸው ረጅም ነበር። ያ ካፖርት በአንኮበር ብርድ ከመድረቁ የተነሣ እሳቸው ቢቀሩ እንኳ ብቻውን ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ይመስለን ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በተሰበረው መስኮት ገብቶ የኋለኛው ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ጋሽ ደምሴ ስም ጠርተው ሲጨርሱ ወደዚያው ቀና ይሉና «ጉምም መጥቷል፤ ከብዙዎቻችሁ ይልቅ እሱ ይመላለሳል» ይሉ ነበር።

ላቦራቶሪ ተብሎ የተጻፈበት ክፍል ነበረን። ውስጡ የተሰባበሩ ዴስኮች ተከማችተውበታል። ስለዚህ ጋሽ ደምሴ ላቦራቶሪያቸውን በዘንቢል ይዘው ይመጡ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል የገባን ሰሞን አራት የማርማላታ ጠርሙሶች ከዘንቢሉ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። በአንደኛው ውሃ፣ በሁለተኛው ከሰል፣ በሦስተኛው ነጭ የዩሪያ ማዳበሪያ፣ በአራተኛው ተቃጥሎ የነጣ የበግ አጥንት ነበረ።

«ይህ ማነው?» አሉን።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ሺበሺ፣ ማነው ይህ?»

«ጠርሙስ ነው፣ ጋሼ።»

«አይደለም። ይህ አንተ ነህ። ደህና አድርገህ እየው።»

ከዚያም አንድ በአንድ እያነሡ አሳዩን። በውሃው ውስጥ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን አለ። ከሰሉ ካርቦን ነው። በማዳበሪያው ናይትሮጅን፣ በአጥንቱ ካልሲየምና ፎስፈረስ አለ። «መቶ ኪሎ የሚመዝን ሰው ብታገኙ፣ ስድሳ አምስቱ ኦክስጅን ነው። አሥራ ስምንቱ ካርቦን፣ አሥሩ ሃይድሮጅን፣ ሦስቱ ናይትሮጅን፣ አንድ ተኩሉ ካልሲየም፣ አንዱ ፎስፈረስ። የቀረችው ቁንጥር ብረቱም፣ ጨውም፣ ሌላ ሌላውም ናት» አሉ። የክፍሉ ልጆች በሙሉ ተደምረን መቶ ኪሎ የምንሞላ አይመስለኝም ነበር። «በሬውም፣ ገብሱም፣ ዝንጀሮውም ያው ስድስቱ ናቸው፤ መጠኑ ነው የሚለያየው» ሲሉ ግን ከጎኔ ያለው ልጅ ክርኑን ጎኔ ላይ ሰክቶ «ያንተ መጠን ለዝንጀሮው ይቀርባል» አለኝ።

የእኔና የዝንጀሮ ነገር ምክንያት ነበረው። በዚያው ሳምንት አርፍጄ መጥቼ «መንገድ ላይ አምስት መቶ ጭላዳ ዝንጀሮ ከቦኝ ነው» ብዬ ነበር። ጋሽ ደምሴ አልተቆጡም። ጠመኔ አነሡና ሰሌዳው ላይ አምስት መቶ ብለው ጽፈው ለአሥር አካፈሉት።

«ሃምሳ ዝንጀሮ። ሃምሳ ይታመናል። ግባና ተቀመጥ» አሉኝ። ክፍሉ በሳቅ ሲናጥ እጃቸውን አነሡ። «ይህን ልጅ ውሸታም እንዳትሉት። ውሸታም ማለት ስንት እጥፍ እንደሚዋሽ የማይታወቅ ሰው ነው። ሺበሺ ሁልጊዜ በአሥር እጥፍ ነው የሚሳሳተው። ሁልጊዜ እኩል የሚሳሳት ሚዛን አይጣልም፤ ታርሞ ይሠራበታል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አገር በሙሉ ያካፍለኝ ጀመር። «ሃያ ድንች በላሁ» ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ሁለት!» ይላል። የጎረቤላ ሕፃናት እናትና አባት ብለው ሳይጨርሱ እኔን ለአሥር ማካፈል ይችሉ ነበር። እኔም ወደድኩት። የፈለግኩትን ያህል ባጋንን የሚያርመኝ ስላለ፣ ሳልሰጋ አጋነንኩ።

ከጋሽ ደምሴ ደግነት የማልረሳቸውን ሁለቱን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ለራሴ የተደረገ ነው። በዚያ ዓመት ቤታችን ክፉኛ ተቸግሮ ነበር። አንድ ቀን አገጬን ይዘው ጥርሴን አዩና «ካልሲየምህ ጎድሏል። ቅዳሜ ቤት ና፣ እንለካዋለን» አሉኝ። ሄድኩ። መለኪያው አንድ ትልቅ ኩባያ ወተት ነበር። ጠጥቼ ስጨርስ ጥርሴን እንደገና አይተው «ገና ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም መለካት አለበት» አሉ። ዓመቱን ሙሉ ተለካሁ። ወተት ሰጡኝ ብዬ ለሰው የማወራበት መንገድ አልነበረም፤ በእሳቸው አነጋገር የተደረገልኝ ምርመራ ነው።

ሁለተኛው የሰሎሞን ነው። ሰሎሞን የቀጥቃጭ ልጅ ነው። የቀጥቃጭ ልጅ መሆን በዚያ ጊዜ ምን ማለት እንደ ነበረ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አጠገቡ የሚቀመጥ አልነበረም። ጋሽ ደምሴ አንዱን ልጅ ከሱ ጋር እንዲቀመጥ ሲያዙት ልጁ ቆሞ ቀረ።

«እኔ አልቀመጥም፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ቡዳ ናቸው ይላሉ።»

ጋሽ ደምሴ አልጮኹም። ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ ሰሎሞን ዴስክ ሄዱና አራቱን ጠርሙሶች ፊቱ ደረደሩ። «ከእነዚህ ሌላ ነገር በሥጋው ውስጥ ያለ ተማሪ ካለ ተነሥቶ ይቁም። ለሱ ለብቻው ወንበር እፈልግለታለሁ» አሉ። ማንም አልተነሣም። በመጨረሻ እኔ ተነሣሁ።

«እኔ ወርቅ አለብኝ፣ ጋሼ!»

«ስንት ኪሎ?»

«አሥር ኪሎ!»

«ለአሥር ስናካፍለው አንድ ኪሎ። ይህን ያህል ወርቅ ይዘህ ብቻህን መቀመጥ የለብህም፤ ከሰሎሞን አጠገብ ሁን፣ ይጠብቅልሃል።»

ሰሎሞን ራሱ ሳቀ። እኔና እሱ እንደዚያ ተገናኝተን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከአንድ ዴስክ አልተነሣንም። እኔን ማካፈል ከሱ የተሻለ የሚችል ሰው አልነበረም።

የጋሽ ደምሴ የዕድሜ ልክ ተከራካሪ ጎረቤታቸው መምሬ ጥላሁን ነበሩ። ቤታቸውን የሚለየው የድንጋይ ካብ ነው፤ ክርክሩም የሚካሄደው በዚያው ካብ ላይ ተደግፈው ነው። መምሬ፣ ሰው የተፈጠረው ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት ነው ይላሉ። ጋሽ ደምሴ ስድስት ይላሉ። አንድ ቀን መምሬ «እስቲ ስድስትህን አሳየኝ» አሏቸው። ጋሽ ደምሴ ጠርሙሶቹን አምጥተው ካቡ ላይ ደረደሩ። መምሬ በጣታቸው ቆጠሩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት! አራት ነው አላልኩህም?»

«ጠርሙሱ ነው አራት፣ መምሬ። በውስጡ ያለው ስድስት ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ። ውሃው ውሃ ነው። ከሰሉ የእሳት ነው። አጥንቱ ነገ መሬት ነው። ይኼ ነጩ ምንድነው?»

«ማዳበሪያ ነው። ናይትሮጅኑን ከአየር ወስደው ነው የሚሠሩት።»

«ከአየር! ነፋስ በለኛ!»

ጋሽ ደምሴ መልስ ሲያጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። የመምሬ ሳቅ ደብረ ሲና ላይ የጭነት መኪና አስቁሟል። ሳቃቸውን ሲጨርሱ «ነፍስንም አልቆጠርካት» አሉ። «እሷ አትመዘንማ» አሉ ጋሽ ደምሴ። ክርክሩ እስከ ዘንድሮ አላለቀም ነበር።

ዘንድሮ የጋሽ ደምሴ ሳንባ ደከመ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ተኝተው ሰነበቱና፣ ኦክስጅን እየወሰዱ ቤታቸው እንዲቀመጡ ተነግሯቸው ተመለሱ። ሐኪሙ የቀራቸውን ጊዜ ለእኔ ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ነግሮኛል፤ እዚህ አልጽፈውም። ባለቤታቸው ቀደም ብለው አርፈዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ተማሪዎቻቸው ተሰብስበን ሦስት ሲሊንደር አገኘን። ዛሬ ደብረ ብርሃን የራሱ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ያለው ሰሎሞን፣ እያስሞላ በፒክአፑ ሊያመላልስ ተስማማ። ሁለቱ ጎረቤላ፣ አንዱ ሁልጊዜ ሞልቶ እሱ ዘንድ ይቀመጣል። የእኔ ሥራ የቀረውን ኦክስጅን የሚያሳየውን የሲሊንደሩን መርፌ ማየትና ሊያልቅ ሲል ለሰሎሞን መደወል ነበር።

ጋሽ ደምሴ ጭንብሉን አፍንጫቸው ላይ አድርገው እንኳ ማስተማር አልተዉም። «ሥጋዬ ውስጥ ሠላሳ ኪሎ ኦክስጅን አለ» አሉኝ አንድ ቀን። «ሠላሳ ኪሎ ተሸክሜ አንዲት ትንፋሽ አጣሁ። ይህን ለተማሪ ብትነግረው ያካፍልሃል።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። መርፌው ወደ ታች ሲወርድ ማየት አልችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ገና ግማሽ ሲደርስ ለሰሎሞን ደውዬ «አለቀ! እየሞቱ ነው!» አልኩት። ሥራውን ጥሎ በረረ። ሲደርስ ጋሽ ደምሴ ትራስ ተደግፈው ራዲዮ ያዳምጣሉ። በሁለተኛውም ሳምንት እንዲሁ አደረግኩ፤ በእናቴም ማልኩ። ሰሎሞን መርፌውን አይቶ፣ እኔን አይቶ ወጣ። ፈርቼ ነው፤ ለቀልድ አልነበረም። ግን ከዚህ አፍ የሚወጣ ፍርሃትና ቀልድ መልካቸው አንድ ነው።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ላይ የተገጠመው ሲሊንደር መርፌ ቀዩ ምልክት ላይ ደረሰ። ሁለተኛውን ልቀይር ስከፍተው ድምፅ የለውም። ቫልቩ ሳይጠብቅ አድሮ ሌሊቱን ሙሉ ተንፍሶ አልቋል። በተገጠመው የቀረውን አሰላሁት፤ ማስላቱን ያስተማሩኝ አልጋው ላይ ያሉት ሰው ናቸው። ደወልኩ።

«ሰሎሞን፣ ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ተገኘ። የቀረን ሁለት ሰዓት ነው።»

«ሁለት ሰዓት?» ከጀርባው የብረት መቁረጫ ይጮኻል።

«ሁለት ሰዓት!»

ሳቀ። «አንተ ሁለት ካልክ ሃያ ነው። የሰው የብረት በር ሥራ ይዣለሁ፤ ጨርሼ ማታ እመጣለሁ።»

«በእናቴ ሞት!»

«እናትህን ባለፈው ሳምንትም ገድለሃታል።»

ዘጋው። መልሼ ደወልኩ፤ አያነሣም። መልሼ፣ መልሼ። ይህን ቁጥር አልነግራችሁም።

ጋሽ ደምሴ ሰምተዋል። በጭንብሉ ውስጥ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ሲረጋጉ «እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ። «በደንብ ይዞታል።»

ጤና ጣቢያው ያለው አንድ ሲሊንደር ነው። ሮጬ ስሄድ ሌሊት የተወለደ ሕፃን ላይ ተገጥሟል። ተመልሼ ነገርኳቸውና «አስቸግሬ ላምጣው?» አልኩ። እጄን ያዙ። «ስንት ኪሎ ነው ሕፃኑ?» አሉ። «አላውቅም፣ ጋሼ።» «ስንትም ይሁን፣ እንዳትነካው» አሉኝ። ሕፃኑ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። እፈራለሁ።

ያን ጊዜ የታየኝ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ሰሎሞን የማይጠራጠረው ሰው መምሬ ጥላሁን ናቸው። የጋሽ ደምሴን ሌላዋን ጎረቤት እትዬ ዘነበችን አጠገባቸው አስቀምጬ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጥኩ። ዕለቱ የጾም ቀን ነው፤ መምሬ መቅደስ ውስጥ ሆነው ይቀድሳሉ። ቀዳሽን ከመቅደስ አይጠሩትም። ጉሙ ውስጥ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አሁን ሳስበው የእትዬ ዘነበች ስልክ፣ የእትዬ ዘነበች ድምፅ ይበቃ ነበር። የጤና ጣቢያው ዘበኛ ይበቃ ነበር። ከእኔ በቀር የማንም ድምፅ ይበቃ ነበር። አልታየኝም።

መምሬ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ሰሎሞን በመጀመሪያው ጥሪ አነሣላቸው። «ልጄ፣ እውነቱን ነው» አሉት። በስልኩ ውስጥ የብረት መቁረጫው ሲወድቅ ሰማሁት።

ሲሊንደሩ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ አለቀ። በሕይወቴ የተናገርኩት ቁጥር ልክ ሆኖ የተገኘው ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሃያ ደቂቃ ለእናንተ የምተርክበት ቃል የለኝም፤ ቃል አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ። መምሬ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን እጃቸውን ይዘን ነበር። በመጨረሻ የተናገሩት ለመረዳት አስቸጋሪ ነበር፤ «ሰሎሞንን እንዳትቆጣው» ያሉ መሰለኝ።

ሰሎሞን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሰ። ያን የብረት ሲሊንደር ብቻውን በትከሻው ተሸክሞ ገባ። እኛን አየ፤ አልጋውንም አየ። ሲሊንደሩን አስቀመጠና ቱቦውን ገጠመ፤ ቫልቩንም ከፈተ። ጭንብሉን አፍንጫቸው ላይ መልሶ አስተካከለላቸው። ኦክስጅኑ ሽ እያለ ይወጣል። የከለከለው ሰው የለም። መርፌው ሙሉ ነበር።

ቆይቶ ወደ እኔ ዞረና «ባለፈው ሳምንት ለምን ዋሸኸኝ?» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም። በቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ያኔ አጠገቡ የሚቀመጥ እንዳልነበረው ጊዜ፣ ብቻውን ቆሞ ነበር። ወደሱ ልሄድ ፈልጌ አልሄድኩም።

መምሬ ጸሎቱን አድርሰው አፈሩ ሲመለስ ጎንበስ አሉ። ለሰው ያሉት አልነበረም፤ ቅርብ ስለ ነበርኩ ሰማሁ። «ይሁን፣ ስድስት ነው፣ ደምሴ። ስድስት ነው ብያለሁ። ተነሥና ሳቅብኝ» አሉ።

አራቱ ጠርሙሶች አሁን እኔ ቤት ናቸው። ወደ ትምህርት ቤቱ ወስጄያቸው ነበር፤ የሚቀመጡበት ቦታ የለም ተባልኩ። ከሰሉ እንዳለ ነው። አጥንቱም እንዳለ ነው። ማዳበሪያው ረጥቦ ድንጋይ ሆኗል። የውሃው ጠርሙስ ግን ክዳኑ ተሰንጥቆ ኖሮ፣ በእነዚህ ሳምንታት ተንኖ አልቋል። መሙላት እችላለሁ፤ ቧንቧው ደጄ ላይ ነው። አልሞላሁትም።

ጋሽ ደምሴ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። አደራዎን አክብሬ ሰሎሞንን አልተቆጣሁትም፤ ልቆጣውም የምችልበት አፍ የለኝም። እኔን ግን የሚያርመኝ አጣሁ። አሁን ሰው ሁሉ የምናገረውን ዝም ብሎ ይሰማኛል፤ የሚያካፍልም፣ የሚስቅም የለም። ከላይ ስለ ካፖርትዎ፣ ስለ መምሬ ሳቅ፣ ስለ ክፍላችን ክብደት የጻፍኩትን እንደ ልማድዎ ለአሥር ያካፍሉት። ስለ ሁለቱ ሰዓት የጻፍኩት ልክ ነው።

ናፍቀውኛል፣ ጋሼ። ይቺንም አያካፍሏት።